ከፌስ እስከ አቡዳቢ፦ በባትሪ ሆድ ውስጥ ያለው ጥቁር ዱቄት

በጃንዋሪ 2025 የአቡዳቢው የታዳሽ ኃይል ኩባንያ ማስዳር ከኤምሬትስ ውሃና ኤሌክትሪክ ኩባንያ ጋር በመሆን በዓለም ላይ እስካሁን አምሳያ የለውም የተባለለትን ፕሮጀክት ይፋ አደረገ። ፕሮጀክቱ 5.2 ጊጋዋት የማመንጨት አቅም ያለውን የፀሐይ ኃይል ጣቢያ ከ19 ጊጋዋት ሰዓት የባትሪ ማከማቻ ጋር በማጣመር፣ ቀንም ሌትም ሳይቋረጥ 1 ጊጋዋት ኤሌክትሪክ ለማቅረብ የታለመ ነው። ወጪው 6 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር ያህል ሲሆን፣ በ2027 ሥራ ይጀምራል ተብሎ ይጠበቃል። ባትሪዎቹን እንዲያቀርብ የተመረጠው ሲኤቲኤል የተባለው የቻይና ኩባንያ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ጣቢያው ስፋትና ስለ ወጪው ብዙ ተጽፏል። የባትሪዎቹን ሆድ ስለሚሞላው ነገር ግን እምብዛም አልተነገረም። ባትሪው የሚጠራው በሊቲየም ስም ይሁን እንጂ፣ በክብደት ሲመዘን ከሊቲየሙ በብዙ እጥፍ የሚበልጠው ግራፋይት የተባለው ጥቁር የካርቦን ዱቄት ነው። በግምታዊ ስሌት እያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት 1 ኪሎ ግራም ገደማ ግራፋይት ይፈልጋል። በዚህ ሒሳብ የአቡዳቢው ማከማቻ ብቻውን ወደ 19 ሺህ ቶን የሚጠጋ ግራፋይት ይይዛል ማለት ነው። ይህ ዱቄት ከየት ይመጣል፣ ማንስ ያዘጋጀዋል የሚለው ጥያቄ ዛሬ በኃያላን አገሮች የንግድ ፍልሚያ ውስጥ አንዱ ግንባር ሆኗል። የታሪኩ ዋና ምዕራፍ ግን የተጻፈው ከአርባ ዓመታት በፊት፣ በአንድ የሞሮኮ ተወላጅ ተማሪ የቤተ ሙከራ ጠረጴዛ ላይ ነበር።

ግራፋይት ለአማርኛ ተናጋሪ ባዕድ ነገር አይደለም። በልጅነታችን ፊደል የጻፍንበት እርሳስ ውስጡ ግራፋይት ነው። ስሙ ግን የቆየ ስህተት ተሸክሟል፤ እርሳስ የተባለው ከባድ ብረት ሌላ፣ በእንጨቱ መካከል ያለው ጥቁር ነገር ሌላ ነውና። የሚገርመው ሁለቱም ዕጣቸው ባትሪ መሆኑ ነው። እውነተኛው እርሳስ ከመቶ ዓመት በላይ የመኪና ሞተር ሲያስነሣ በኖረው ከባድ ባትሪ ውስጥ ይገኛል፤ በስህተት እርሳስ ያልነው ደግሞ በኪሳችን ይዘነው በምንዞረው ስልክ ውስጥ ገብቷል።

ራሺድ ያዛሚ በ1953 በጥንታዊቷ የሞሮኮ ከተማ በፌስ ተወለዱ። ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ፈረንሳይ ተሻግረው፣ በአልፕስ ተራሮች ግርጌ በምትገኘው በግሮኖብል ከተማ ኤሌክትሮኬሚስትሪ አጠኑ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ለዶክትሬት ምርምራቸው የመረጡት ርእስ በግራፋይት ንብርብሮች መካከል ሌሎች ንጥረ ነገሮችን የማስገባት ጉዳይ ነበር። ለገበያ የሚያጓጓ ርእስ አልነበረም። ተንቀሳቃሽ ስልክ ገና በሰው እጅ አልገባም፤ በኤሌክትሪክ የሚሄድ መኪናም ቢሆን የነዳጅ ቀውስ ሲመጣ የሚነሣ፣ ቀውሱ ሲያልፍ የሚረሳ ወሬ ነበር።

ግራፋይት እንደ ብራና መጽሐፍ ቅጠሎች ተነባብረው የተቀመጡ የካርቦን ገጾች ስብስብ ነው። በአንድ ገጽ ላይ ያሉት አቶሞች እርስ በርሳቸው አጥብቀው ተያይዘዋል፤ አንዱን ገጽ ከሌላው ጋር ያያዘው ትስስር ግን የላላ ነው። እርሳስ በወረቀት ላይ ሲሳብ ጥቁር መስመር የሚተወውም ገጾቹ በቀላሉ ስለሚላቀቁ ነው። ሊቲየም በገጾቹ መካከል ሊገባ እንደሚችል፣ ስድስት የካርቦን አቶሞችም አንድ ሊቲየም እንደሚያስተናግዱ ኬሚስቶች ከዚያ ቀደም ብለው ያውቁ ነበር። ያስቸገረው ሊቲየሙን በኤሌክትሪክ ኃይል ደጋግሞ ማስገባትና ማስወጣት ነበር። በባትሪ ውስጥ አዮኖች የሚመላለሱበት ፈሳሽ ኤሌክትሮላይት ይባላል። በዘመኑ ይሠራበት የነበረው ፈሳሽ ሊቲየሙን ተከትሎ ወደ ገጾቹ መካከል ይገባና መጽሐፉን ይበታትነዋል። የጀርመኑ ኬሚስት ዩርገን ቤዘንሃርት በ1970ዎቹ አጋማሽ ያደረጓቸው ሙከራዎችም ከዚህ እንቅፋት አላመለጡም።

ያዛሚ የወሰዱት መፍትሔ ፈሳሹን መተው ነበር። በግሮኖብል እነ ሚሼል አርማንድ በዚያው ወቅት ሊቲየም አዮን የሚያሳልፍ ጠጣር ፖሊመር ያዳብሩ ነበር። ጠጣር ነገር በገጾቹ መካከል ሾልኮ ሊገባ አይችልም፤ ሊቲየሙ ግን ያልፋል። ሙከራው ሠራ። ሊቲየሙ ገባ፣ ወጣ፣ ተመልሶም ገባ፤ ግራፋይቱም እንደነበረ ቆየ። ውጤቱ በ1983 ከመምህራቸው ከፊሊፕ ቱዘን ጋር በጋራ በጻፉት ጥናት ታተመ። ዛሬ በአብዛኞቹ የሊቲየም ባትሪዎች ውስጥ አሉታዊውን ዋልታ የሚሠራው ይኸው ግራፋይት ነው።

የዚህ ግኝት ክብደት የሚታወቀው በዚያ ዘመን የሊቲየም ባትሪን ያስቸገረው ምን እንደነበር ሲታወስ ነው። እንግሊዛዊው ስታንሊ ዊቲንግሃም በ1970ዎቹ በአሜሪካው የነዳጅ ኩባንያ በኤክሶን ቤተ ሙከራ ደጋግሞ የሚሞላ የሊቲየም ባትሪ ሠርተው ነበር፤ አሉታዊው ዋልታ ግን ንጹሕ የሊቲየም ብረት ነበር። ብረቱ ባትሪው በተሞላ ቁጥር እንደ እሾህ የሾሉ ክሮች ያበቅላል፤ ክሮቹ ወደ ማዶ ሲደርሱ ሁለቱ ዋልታዎች ይነካካሉ፣ ባትሪውም ይቀጣጠላል። አንድ የካናዳ ኩባንያ ይህንኑ ዓይነት ባትሪ ለጃፓን ተንቀሳቃሽ ስልኮች ካቀረበ በኋላ በ1989 እሳት በመነሣቱ ምርቱን ከገበያ ለመሰብሰብ ተገዷል። በሌላ በኩል ጆን ጉድኢናፍ በ1980 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቻቸው ጋር ለአዎንታዊው ዋልታ የሚሆን የሊቲየም ኮባልት ኦክሳይድ አግኝተው ነበር። የጎደለው ሊቲየሙን ያለ እሾህ የሚያሳድር ማደሪያ ነበር፤ ግራፋይት ያንን ማደሪያ ሆነ።

ከቤተ ሙከራ ወደ ገበያ ያለው መንገድ ግን ቀጥ ያለ አልነበረም። የግሮኖብሉ ጠጣር ፖሊመር በተለመደው የክፍል ሙቀት አዮን የሚያሳልፈው በዝግታ ስለነበር ለስልክ የሚሆን ባትሪ ሊወጣው አይችልም። ጃፓናዊው አኪራ ዮሺኖ በ1985 የጉድኢናፍን ዋልታ ከፔትሮሊየም ኮክ ጋር አጣመሩ። ኮክ ገጾቹ ያልተስተካከሉ የካርቦን ዓይነት በመሆኑ ፈሳሹ በቀላሉ አይበታትነውም። ሶኒ በ1991 ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያው የሊቲየም አዮን ባትሪም ግራፋይት አልነበረውም። ግራፋይት በፈሳሽ ውስጥ መሥራት የቻለው በካናዳ የነበሩት ጄፍ ዳን እና ባልደረቦቻቸው በ1990 ተገቢውን ፈሳሽ፣ ኤቲሊን ካርቦኔትን፣ ካሳዩ በኋላ ነው። ይህ ፈሳሽ በመጀመሪያው ሙሊት ላይ በግራፋይቱ ገጽ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ ሽፋኑም ሊቲየሙን እያሳለፈ ፈሳሹን ያግዳል። በ1990ዎቹ ውስጥ ግራፋይት ኮክን ተክቶ ገበያውን ያዘ።

ኦክቶበር 9 ቀን 2019 የስዊድን የሳይንስ አካዳሚ የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ለዊቲንግሃም፣ ለጉድኢናፍና ለዮሺኖ ሲሰጥ የያዛሚ ስም አልተጠራም። አምስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2014፣ የአሜሪካ የምሕንድስና አካዳሚ ከፍተኛ ክብር የሆነው የድሬፐር ሽልማት ለጉድኢናፍ፣ ለዮሺኖ፣ ለዮሺዮ ኒሺና ለያዛሚ በጋራ ተሰጥቶ ስለነበር፣ በሞሮኮና በአረቡ ዓለም ቅሬታው ሰፊ ሆነ። የኖቤል ደንብ አንድን ሽልማት ከሦስት ሰው በላይ እንዲካፈለው አይፈቅድም። በተጨማሪም በአሜሪካው የቤል ቤተ ሙከራ ሳማር ባሱ በዚያው ሰሞን በሊቲየምና በግራፋይት ላይ የባለቤትነት መብት አግኝተው ነበር፤ የቤዘንሃርትም የቀደመ ሥራ አለ። በዚህ ጸሐፊ ግምት ግን ክርክሩ የተዛባው ሽልማቱን ማን ወሰደ በሚለው ሳይሆን፣ ለካርቦኑ የተሰጠው ቦታ በማነሱ ነው። ስልክን ከቃጠሎ የታደገው፣ ባትሪን ለሺህ ጊዜ እንዲሞላ ያስቻለው አሉታዊው ዋልታ ሆኖ ሳለ፣ ርካሽና ተራ ነገር በመምሰሉ የተመልካች ዓይን አላረፈበትም። ያው ንቀት በኋላ በንግድ ፖሊሲ ውስጥም እንዴት እንደተደገመ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ያዛሚ ከ1983 በኋላ በፈረንሳይ ብሔራዊ የሳይንስ ምርምር ማዕከል እስከ ምርምር ዳይሬክተርነት ደረሱ፤ በጃፓን በኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ሠሩ፤ ከ2000 ገደማ ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ከ2010 ወዲህ ደግሞ በሲንጋፖሩ ናንያንግ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራመሩ። በካሊፎርኒያ ከብሬንት ፉልትዝ ጋር የሠሩት ሥራ በእኛ አካባቢ በተለይ ሊታወቅ ይገባዋል። ባትሪ ካረፈ በኋላ ሙቀቱን በጥቂት ዲግሪ ከፍና ዝቅ እያደረጉ የቮልቴጁን ጥቃቅን ለውጥ ቢለኩ፣ በውስጡ ያለው ግራፋይት በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ሳይከፍቱት ማወቅ ይቻላል። ሐኪም የሕመምተኛን ትኩሳት ለክቶ ስለ ውስጡ እንደሚረዳው ዓይነት መሆኑ ነው። ዘዴው የባትሪን እርጅና ቀድሞ ለማወቅ መንገድ ከፍቷል።

የእርጅናው ጉዳይ ለባሕረ ሰላጤው ነዋሪ ሩቅ አይደለም። በግራፋይቱ ላይ ያለው ስስ ሽፋን በሙቀት ይወፍራል፤ በወፈረ ቁጥር ሊቲየም እየበላ የባትሪውን አቅም ይቀንሳል። በሐምሌና በነሐሴ ፀሐይ በተዘጋ መኪና ውስጥ የቀረ ስልክ፣ ወይም ቀኑን ሙሉ በደጅ የሚውል የእቃ አድራሽ ኤሌክትሪክ ብስክሌት፣ በአዲስ አበባ አየር ቢሆን ከሚያገለግለው ዘመን ያነሰ የሚያገለግለው በዚህ ምክንያት ነው። የአቡዳቢን የመሰሉ ግዙፍ ማከማቻዎች ደግሞ ከሚያጠራቅሙት ኃይል የተወሰነውን ራሳቸውን ለማቀዝቀዝ ያውሉታል። ሌላው አደጋ የሚመጣው ከጥድፊያ ነው። ባትሪ ከአቅሙ በላይ በፍጥነት ሲሞላ ሊቲየሙ በገጾቹ መካከል ለመግባት ጊዜ ስለማያገኝ በላዩ ላይ እንደ ብረት ይጠራቀማል፤ የ1989ኙ እሾህ ማለት ነው። ያዛሚም በሲንጋፖር ባቋቋሙት ኩባንያ ያተኮሩት በዚሁ፣ ባትሪን ሳይጎዱ ፈጥኖ በመሙላት ላይ ነው።

በጃንዋሪ 2025 በደቡብ ኮሪያ ጊምሄ አየር ማረፊያ የኤር ቡሳን አውሮፕላን በእሳት ሲጋይ ጥርጣሬው ያረፈው በአንድ ፓወር ባንክ ላይ ነበር። ኤምሬትስ አየር መንገድም ከኦክቶበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ መንገደኞች በበረራ ላይ ፓወር ባንክ እንዳይጠቀሙ ከልክሎ፣ ይዞ መግባት የሚቻለው ከ100 ዋት ሰዓት የማይበልጥ አንድ ብቻ እንዲሆን ወስኗል። ወደ አገር ቤት የሚጓዝ ሰው ሒሳቡን ቢያውቀው ይጠቅመዋል፤ በገበያ 20 ሺህ ሚሊአምፔር ሰዓት ተብሎ የሚሸጠው 74 ዋት ሰዓት ያህል ነው፤ 30 ሺህ የሚለው ግን ከገደቡ ያልፋል።

አሁን ወደ ንቀቱ እንመለስ። ባለፉት ዓመታት መንግሥታትና ባለሀብቶች ሲሻሙ የቆዩት ሊቲየም፣ ኮባልትና ኒኬል ለማግኘት ነበር። ግራፋይት በየቦታው የሚገኝ ርካሽ ነገር ነው ተብሎ ተተወ። ቻይና ግን አልተወችውም። ከመሬት የሚወጣው የግራፋይት ድንጋይ ለባትሪ የሚበቃው ተፈጭቶ፣ ቅንጣቶቹ እንደ ኳስ ተድቦልቡለው፣ እስከ 99.95 በመቶ ከተጣራና በካርቦን ከተሸፈነ በኋላ ነው። በማድቦልቦሉ ሂደት ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያም በላይ በብናኝነት ይቀራል፤ ለማጣራቱም ብዙ ጊዜ አደገኛው ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ይውላል። ሰው ሠራሹ ዓይነት ደግሞ ከነዳጅ ዝቃጭ የሚገኘውን ኮክ ወደ 3 ሺህ ዲግሪ ሴልሺየስ በማጋል ይሠራል፤ ይህም እጅግ ብዙ ኤሌክትሪክ ይጠይቃል። ቆሻሻ፣ አድካሚና ትርፉ ጠባብ የሆነ ሥራ በመሆኑ ሌሎች ሸሹት። ዛሬ ለባትሪ ከሚዘጋጀው የዓለም ግራፋይት ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በቻይና ፋብሪካዎች ነው።

ቤጂንግ ይህንን አቅም በመሣሪያነት መጠቀም ጀምራለች። ከዲሴምበር 1 ቀን 2023 ጀምሮ አንዳንድ የግራፋይት ዓይነቶች ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጡ አደረገች። አሜሪካ በጁላይ 2025 በቻይና የባትሪ ግራፋይት ላይ 93.5 በመቶ ጊዜያዊ የፀረ ርካሽ ሽያጭ ቀረጥ ስትጥል፣ ቻይና በበኩሏ በኦክቶበር 9 ቀን ቁጥጥሩን ወደ ሰው ሠራሹ ግራፋይትና ወደ ማምረቻ መሣሪያዎቹ እንደምታሰፋ አስታወቀች። ሁለቱ መሪዎች በደቡብ ኮሪያ ከተገናኙ በኋላ ይህ የመጨረሻው እርምጃ እስከ ኖቬምበር 10 ቀን 2026 እንዲቆይ ተደርጓል።

ለአፍሪካ ትምህርቱ መራራ ነው። የሞዛምቢኩ ባላማ ከዓለም ትላልቅ የግራፋይት ማዕድን ማውጫዎች አንዱ ሲሆን፣ ታንዛንያና ማዳጋስካርም ሰፊ ክምችት አላቸው። ይሁንና ከባላማ የወጣው ግራፋይት ለዓመታት በአመዛኙ የሄደው ወደ ቻይና ማጣሪያዎች ነበር። በኢትዮጵያም ስለ ጉጂው የቀንጢቻ ሊቲየም ሲወራ፣ ማዕድኑ በተገኘበት ባትሪ የሚበቅል ያህል ተስፋ የሚሰጡ አሉ። የማዕድን ባለቤትነት ግን ከሰንሰለቱ ውስጥ በጣም ደካማው ቀለበት መሆኑን ባላማ አሳይቷል። ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሏን ስታስታውቅ፣ በሴፕቴምበር 2025 ደግሞ 5,150 ሜጋዋት የሚያመነጨውን የሕዳሴ ግድብ ስትመርቅ፣ ኃይሉን ከራሷ ወንዝ አገኘች፤ ኃይሉን የሚሸከሙት ባትሪዎች ግን ከውጭ የሚገቡ ናቸው።

የያዛሚ የትውልድ አገር ሞሮኮ ሌላ መንገድ ይዛለች። ከዓለም የፎስፌት ክምችት ሁለት ሦስተኛ ገደማ በእጇ ነው፤ ፎስፌት ደግሞ ዛሬ ለማከማቻ በሚመረጠው የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ውስጥ ይገባል። በጁን 2024 ጎሽን የተባለው ኩባንያ በቄኒጥራ 20 ጊጋዋት ሰዓት ባትሪ በዓመት የሚያመርት ፋብሪካ በ1.3 ቢሊዮን ዶላር ለመገንባት ከመንግሥት ጋር ተፈራርሟል። በጆርፍ ላስፋርም የቻይናው ሲኤንጂአር ከሞሮኮው አል ማዳ ጋር ያቋቋመው የባትሪ ጥሬ ዕቃ ፋብሪካ በ2025 ማምረት ጀምሯል። ራባት ፋብሪካውን አመጣች። በፋብሪካው ውስጥ ያለው እውቀት የማን ሆኖ ይቆያል የሚለው ግን ገና አልተመለሰም፤ ከአርባ ዓመት በፊት ከፌስ የተነሣው ተማሪ ምርምሩን የሚሠራበት ቤተ ሙከራ ያገኘው በግሮኖብል ነበርና።

የባሕረ ሰላጤው አገሮች ሁኔታ ከሁለቱም ይለያል። ሰው ሠራሽ ግራፋይት የሚጠይቃቸው ሁለት ነገሮች፣ የነዳጅ ዝቃጭና ርካሽ ኤሌክትሪክ፣ እዚሁ አሉ። ከፔትሮሊየም ኮክ ካርቦን ማዘጋጀትም አዲስ ሙያ አይደለም፤ የኤምሬትስ ግሎባል አልሙኒየም ማቅለጫዎች በየዕለቱ የሚጠቀሙባቸው ታላላቅ የካርቦን ብሎኮች ከዚሁ ይሠራሉ። ለባትሪ የሚያስፈልገው ኮክ ጥራቱ ላቅ ያለ መሆኑ እሙን ነው። ቢሆንም ከሊቲየም ፍለጋ ይልቅ ይህ በር የቀረበ ይመስላል፤ የባትሪ ሰንሰለት ውስጥ ለመግባት የሚሹ የአካባቢው መንግሥታት ለካርቦኑ ከሊቲየሙ ያነሰ ትኩረት መስጠታቸው ከጥንቱ ንቀት የተለየ ምክንያት ያለው አይመስልም።

የአቡዳቢውን ጣቢያ በተመለከተ የቤጂንግ ቁጥጥር ሥጋት ይሆን እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። በኦክቶበር 2025 በተነገረው ዝርዝር ውስጥ የገቡት ሙሉ ባትሪዎች በኪሎ ግራም 300 ዋት ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚይዙት ብቻ ናቸው፤ ለማከማቻ የሚውለው የብረት ፎስፌት ባትሪ ከዚህ በብዙ ያንሳል። ስለዚህ የተሠራ ባትሪ ለሚገዛ አገር በሩ ክፍት ነው። ፈቃድ የሚጠየቀው ግራፋይቱን፣ ማጋያ እቶኑንና አሠራሩን ገዝቶ በራሱ ምድር ባትሪ ማምረት የሚፈልገው ነው።